ቤት ሲሄድ

ቫልዲቪያ ዝናብ ነው፤ የዳማሪስ ጫማ
ማሞቂያው ሥር ሆኖ ይተናል በጨለማ።
ሁለተኛ ዓመት ናት፤ «ፖይንተር» የሚሉት ጉድ፣
ኮዷ ይንኮታኮታል ገና ሳይራመድ።
«ዕቃው ሌላ ነገር፣ አድራሻው ሌላ ነው»
አለ ፕሮፌሰሩ፤ ሰሌዳው ላይ ሣለው፦
ሣጥን፣ ቀስት፣ ሣጥን።
እሷም ገለበጠችው። አልገባትም።

ፈተናው ሊጀመር አራት ሰዓት ሲቀር
ትዝ አላት ቺሎዬ፣ የአጎቷ መንደር፤
ባሕሩ ጓሮውን በልቶ ሲጨርሰው
ቤቱን ለማዛወር ደቦ የጠራው ሰው፤
ስምንት ጥማድ በሬ፣ መንደርተኛው ሁሉ
ቤቱን ከነጣራው ሽቅብ ሲያንከባልሉ፣
ድመቷ በመስኮት አገር ስታይ፣ ስታይ፣
አንድ ብርጭቆ እንኳ ሳይሰበር ጓዳው ላይ።

በማግስቱ ፖስተኛው ደብዳቤውን ይዞ
ከድሮው ግቢ ቆመ፣ በር ሊያንኳኳ፣ ፈዝዞ።
በር የለም። አራት ጉድጓድ፣
ውሃ ያቆረ።

ሳቀች፣ ብቻዋን፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ።
ጥበቃው ብቅ አለ፦ «ደኅና ነሽ?»
«የአጎቴ ቤት...» ብላ ጀምራ ተወችው።
መስመር አርባ አንድ ላይ ፈልጋ አገኘችው፤
ባዶ ሜዳ ቆሞ የሚያንኳኳውን ፖስተኛ።
አዲሱን አድራሻ ጻፈችለት።

ውጤቱ ከሰባት አራት ነጥብ አንድ።
ማለፊያው አራት ነበር።