መብራት ሲሄድ የቀረ

እናቴ ሽምብጥ ናት፣ አክርማ ነካሪ፤
አውራ ጣቷ ወይን ጠጅ፣ የሃያ ዓመት አዳሪ።
ቀለሟ አይለቅም፤ ስሟም እሱ ነው፤
በረኪና ቢመጣ፣ በረኪናው ነው የሚያፍረው።

እኔ ደግሞ ፖሊ፣ ምድር ቤት፣
ጣት የምታህል መስታወት በመቆንጠጫ ይዤ
ቀለም እንዲገባ፣ ቀለም እንዲወጣ
ስድስት ወር ስለማመጥ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አለችኝ አንድ ማታ።
«ቀለም።»
«ይለቃል?»
«ይለቃል፣ እማ። ሲለቅ ነው ደስታዬ።»
ዝም አለች። እጇን አየችው።
«ታዲያ ማን ይገዛሻል?»

አራተኛ ክፍል ሳለሁ «ይቺን ቀለም አይዘልቃትም»
ያለ መምህር ነበረ።
አሁን የሚዘልቀውን እፈልጋለሁ፦
ከጸጉር የቀጠነ የተንግስተን ዝገት፣
ሲያዩት የሌለ።
የአንድ ባትሪ ድንጋይ ጉልበት ሲነካው
ሊትየም የምትባል ትንሽ እንግዳ
ከፈሳሹ ተነስታ ትገባበታለች፤
ቤቱም ፊቱ ይለወጣል፣
ከዳር ጀምሮ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ሐሜት፣
ሰማያዊ።
ሽቦውን ስገለብጠው እንግዳዋ ትወጣለች፤
ቤቱ ምንም እንዳልሰማ ሰው ይጠራል።

አንሙት ይቆጥራል፣ እኔ እጽፋለሁ።
አንዱ በመቶ ስድሳኛው ዙር ተላጠ፤
የየካቲቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ፤
አንዱን እትዬ ፈንታነሽ አቧራ መስሏት ጠረገችው።

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ፍላጎቱ አጭር፦
«ቀን ፀሐይ ስትመታኝ የሚጨልም መስታወት፣
ማታ የሚነጋ።»
«ይደርሳል» እለዋለሁ።
«መቼ?» ሲል አልመልስም።

ሰማያዊ ግን የራሱ ስም የለው፣
ከሰማይ ተበድሮ የሚኖር ቀለም ነው።
ጣናም የእሱ አይደለም፤ ክረምት የገባ ለት
ጉማራና ርብ አፈር አዝለው ሲገቡበት
ሻይ በወተት ይመስላል፣ ከነአረፋው፤
ፖስት ካርድ ላይ ብቻ ነው ያን ያህል የሚያምረው።

ያው ደፍራሳ ውሃ ጢስ ዓባይ ላይ ወርዶ፣
ተርባይን አዙሮ፣ በሽቦ ተሰዶ፣
ጠረጴዛዬ ይደርሳል በሁለት ቀጭን ክር፤
ደፍርሶ የወጣው ሰማያዊ ሆኖ ሊያድር።

ሐምሌ አሥራ ሰባት ማታ፣
በሦስት መቶ አሥራ ስምንተኛው ዙር
(«በሊቃውንቱ ቁጥር!» አለ አንሙት፣ ሊስቅ)
መብራት ሄደ።
ማራገቢያው ቆመ። ኮምፒውተሩ የያዘውን ዋጠ።
ፖሊም፣ ፔዳም፣ ድልድዩም
ከሐይቁ ጋር አንድ ጥቁር ሆኑ።
እንቁራሪት ብቻ።

የስልኬን መብራት አበራሁ፤
መስታወቱን ከፈሳሹ አወጣሁት።
ሰማያዊ ነው።
የሄደው ሄዷል፤ እሱ አልሄደም።
መጽሐፉም ይህን ይላል፣ አውቀዋለሁ፤
ማወቅ ሌላ፣ ጨለማ ውስጥ ማየት ሌላ።
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት
አንዴ እሱ፣ አንዴ እኔ፦
ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ነው። ትንሽ ሳሳ። ሰማያዊ ነው።

ጠዋት በመሀረብ ጠቅልዬ ለእናቴ ወሰድኩላት።
ወደ መስኮቱ አዞረችው፤
በዚያ ወይን ጠጅ ጣቷ ዳሩን ፈተገችው፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ የሰው አክርማ እንደምትፈትን።
ጣቷን አየች።
«አልለቀቀም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ልነግራት ነበር፦ እስከ ከሰዓት ይለቃል፣
መልቀቅም አለበት።
ተውኩት።
ከጓዳ ፍሪጁ አጉረመረመ፤
መብራት መጣ።