ከመስታወቱ በፊት

ይርገዱ ሥዕሏን አግድም ይዛ፣ በሁለት እጇ ተሸክማ፣
እንደ ሞላ ገበቴ፣ እንዳይፈስ፣
ከሱቄ ገባች ከዝናቡ ቀድማ።

«አትንካው» አለች፣ «አታራግፈው፤ ትንፋሽህንም ያዝልኝ፤
ፓስቴል እኮ ነው፤ ወረቀት ላይ ያደረ እንግዳ፣
ሳይነሣ መስታወት አብጅልኝ።»

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
የምርቃት ፎቶ ከነካባው፣ የሠርግ ፎቶ ከነአበባ
ስለካ የኖርኩ።
ሥዕል ሲመጣልኝ የማየው ጠርዙን ነው፤
መሃሉ የባለቤቱ ነው።

ያን ቀን ግን መሃሉን አየሁ።
ገዳም የለበት። ታንኳ የለበት። ይብራ አላረፈበት።
ለቱሪስት የሚሸጥ ፀሐይ እንኳ አልጠለቀበት።
ቡኒ ብቻ፣ ጭቃ ቡኒ፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ ቁስል፣
የእምቦጭ ሥር ደርቆ የተለጠፈበት፣
የመረብ ክር፣ የጆንያ ቁራጭ፤
ሐይቅ የሚመስል፣ ሐይቅ የማይመስል።

«ጣና ነው?»
«ነው።»
«ሰማያዊው የታለ?»
ሳቀች፤ ጥፍሯ ውስጥ የሦስት ቀን ቀለም አለ።
«ሐምሌ ላይ ቆመህ አይተኸዋል፣ ደለሉን ሲጠጣው?
ሰማያዊ ነው ብሎ የነገረህ ሰው
አባይ ነው።»

ልለካ ጎንበስ ስል፣ ከታች፣ ከግራው ጥግ፣
ሙጫ ጠጥቶ የተኛ የደንገል ቁራጭ፣ ወገቡን የታሰረ፣
ሁለቴ ዞሮ በሥሩ የሾለከ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የተቀበረ።

ታንኳ የለበት ብዬ ነበር።

ይህን ቋጠሮ አውቀዋለሁ።
እንድሪስ ነው እንዲህ የሚያስር፣ አባቴ፣
ጉልበቱን ደንገሉ ላይ ጭኖ፣ ልጡን በጥርሱ ሲወጥር።
«ታንኳ ዕድሜው ሦስት ወር ነው» ይል ነበር፤
«ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ አይታሰርም።»
ሦስት ወር ለሚኖር ነገር
እንዲያ የሚጠበብ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«ይቺን ከየት አመጣሻት?»
«ከሽምብጥ ዳር። ባለቤት የሌለው ታንኳ ነበር፣
ላም ስትበላው ደረስኩ፤
የቀረውን ከአፏ ነጠቅኩ።»

አልነገርኳትም።
መስታወቱን ቆረጥኩ፤ ቀለሙን እንዳይነካው
በቀጭን ጣውላ አራቅኩት፤
ሚስማሩን አልመታሁም፣ እንዳይደነግጥ
በአውራ ጣቴ ገፋሁት።
ዋጋ ስትጠይቀኝ የመስታወቱን ብቻ ነገርኳት፤
«እንጨቱስ?» አለች።
እንጨቱስ።
ዝናቡ እስኪያባራ ወንበር ሰጠኋት።

ስትሄድ ጠረጴዛዬ ላይ ብናኝ ቀርቶ ነበር፤
ቡኒ፣ ሐምራዊ፣
በመሃሉም፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣
የጥፍር ታህል ሰማያዊ።

ጨርቅ አነሣሁ ልጠርገው።
መልሼ ሰቀልኩት።
ከዚያች ቀን ወዲህ መስኮቱን በዚያ በኩል አልከፍትም፤
ደንበኛ ክርኑን ሊያሳርፍ ሲል
«እዚያ ጋ እርጥብ ነው» እላለሁ።