ለእንግዴ ልጅ

ቀለበቴ በሳሙናም አልወጣ ሲል ነው የጀመረው፤
ጣቴ አብጦ፣ ፊቴ አብጦ፣
«ወፈርሽ፣ ተመስገን» ያለኝ ሰው
ስንት ነበረ።
እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከዚያ ራስ ምታቱ፤
ከዚያ በትራሙ መስኮት
ማስ ወንዝ ላይ የሚብለጨለጩ ወፎች፣
ከወንዙ ሳይሆን
ከዓይኔ ውስጥ የተነሡ።

መቶ ስድሳ አምስት በመቶ አሥር።
ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ለካች፣
ሦስተኛውን ዝም ብላ።
ሠላሳ ሳምንት ከሦስት ቀን፤
ካፖርቴ እዚያው ወንበር ላይ ቀረ፣
እኔ በአልጋ ተገፍቼ ወደ ላይ።

ለእናቴ ደወልኩ።
«ደም ግፊት ነው፣ የእርግዝና፤
ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን አገኙ፤
እንዳያንቀጠቅጠኝ በደም ሥሬ መድኃኒት ይሰጡኛል» አልኳት።
ስልኩ ዝም አለ።
ከዚያ፦ «ትርንጎንም ያንቀጠቀጣት...»
አለችና ተወችው።

አክስቴ ትርንጎ፣
በዘጠኝ ወሯ፣ ሐይቅ ከተማ፣
አረፋ ደፍቃ ወደቀች።
«ያዛት» አሉ። ማን እንደያዛት
ሁሉም የየራሱን ስም ሰጠ።
ክብሪት ጭረው አሸተቷት።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ እርሷ ሲወራ
ድምፅ ይቀነስ ነበር።
ዛሬ ሮተርዳም፣ አራተኛ ፎቅ፣
ክንዴ ላይ ተነፍቶ በሚተነፍስ ጨርቅ
አክስቴ ከሐሜት ወጣች።

ሰዓዳ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች፣
ትራሟን አስረክባ፣ የሹፌር ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ።
እርሷም እዚሁ ፎቅ ተኝታ ነበር፤
የእርሷ ልጅ አልቆየም።
ይህን አንዴ ብቻ ነገረችኝ፣ ብርቱካን እየላጠች።
«አይዞሽ» አትለኝም።
«አስፕሪኑን ገና በሦስተኛው ወር ቢጀምሩልኝ ኖሮ» ትላለች፣
«ኖሮ» ላይ ትቆማለች፣
እጇን ሆዴ ላይ አኑራ ርግጫ ትቆጥራለች፤
«አራት። አምስት። ውይ፣ ይህቺስ ቁጡ ናት።»

ረቡዕ ሊስከ መጣች፣ ተመራማሪዋ፣
እስክሪብቶዋን እየነከሰች።
በምሳዬ ሶፍት ላይ ሣለችልኝ፦
መስፋት ሲገባቸው ጠበው የቀሩ የማኅፀን ደም ሥሮች፤
የራበው እንግዴ ልጅ፣
ርሃቡን በደሜ ውስጥ የሚጮህ።
«ለምን እንደሚጀምር ግን ገና በቅጡ አናውቅም።»
ያኔ ነው ከሐኪም ቤት ሰው «አናውቅም»ን የሰማሁት፤
ከስንት «እናውቃለን» ይልቅ አሳረፈኝ።

እና ጠየቀችኝ፦
ከወለድሽ በኋላ፣ እርሱን ለምርምር ትሰጪናለሽ?

በእኛ ቤት ይቀበራል።
የእኔ ከደጃችን ነው፣ ከግራዋው ሥር።
እዚህ ምን አፈር አለኝ?
በረንዳዬ ላይ አንዲት ማሰሮ፣
እርሷም በሶብላ ይዛለች።

እንግዴ ልጅ ሆይ፣ የልጄ ሞግዚት፣
ለእርሷ ስትለምን ቀንና ሌሊት፣
ደሜን ያወክኸው በክፋት አይደል፤
ጠቦብህ ነው እንጂ መንገዱ እንደ ገደል።
አፈር ባላለብስህ፣ ከደጄ ባልቀብርህ፣
ለሌላዪቱ እናት ይድረስ ምስክርህ።

ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል አለችኝ ሊስከ።
«ስም አለው?»
«ቁጥር ብቻ።»
ፈረምኩ።
ማግኒዥየሙ ሰውነቴን እንደ ምድጃ አግሎት፣
ባበጠ እጄ፣ ከወረቀቱ ጥግ፣
ማንም እዚህ በማያነበው ፊደል
አንድ ስም ጨመርኩ።

ሰዓዳ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ
ወረቀቱን አቀረበችው፤
«ማን ናት?»
«አክስቴ።»
«እንግዲያ ደግመሽ ጻፊያት» አለች፣
«ጎ»ዋ አትነበብም።