እኛም

ማለዳ በአንድ ሰዓት መስኮቱን ይከፍታል፤
ሁለት ሲል ያስላል፣ ሦስት ሲል ይወጣል።
ከደጁ እስከ ምንጩ አርባ ሦስት ርምጃ ነው፣
ሲመለስ ሃምሳ ነው፣ ባልዲው ስለከበደው።
ማክሰኞ ሁለት ዳቦ፣ ዓርብ ዕለት ባቄላ፤
ጥርሱን አውቀዋለሁ፣ በየት ጎኑ እንደሚበላ።

በራቻ ተራሮች፣ በሪዮኒ ወንዝ ዳር፣
እኔ ማክቫላ ልብስ ሰፊዋ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስቆጥር ነበር።
ሰባት ደብተር ሞላ፣ ስንት ቀለም አለቀ፣
በአንድ ሰው ኑሮ ላይ ዕድሜዬ ደረቀ።

ስሙ ቴንጊዝ ነው።
አባቴን የሰጠ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት፣
ለዚያ ለሌሊቱ ባቡር፣ ለበረዶው እስራት።
ዘመን ተገልብጦ መዝገቡ ሲከፈት፣
ወዲያው ነው ያወቅሁት ያንን ውብ ጽሕፈት፤
የሠርጌን መጥሪያ በነጻ የጻፈልኝ፣ የፊት ለፊት ጎረቤት።

አባቴ በሌሊት፣ ቆብ እንኳ ሳይደፋ፣
ካፖርቱ ሚስማር ላይ ቀርቶ፣ እሱ ግን ጠፋ።
ስምንት ዓመቴ ነበር። ካፖርቱ አልወረደም።
ብሉን እያራገፍኩ ጠበቅሁት፤ ሌላ እጅ አልደፈረም።

እሑድ እሑድ ታዲያ ሻማ ይዤ እቆማለሁ፣
«አባታችን ሆይ» ሲባል ከሰው ጋር እላለሁ።
«በደላችንን ይቅር በለን» ስል ድምፄ ከሁሉ ይልቃል፤
«እኛም» ላይ ስንደርስ ሳል ይመጣል፣ ጉሮሮዬን ያንቃል፤
ሌሎቹ «ወደ ፈተና» ሲሉ፣ ያኔ ሳሌ ይለቃል።

አባ ኢላሪዮን ሰምተው ኖሯል።
«ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህ ሳልሽ ቦታ ያውቃል፤ ብርድ አይደለም የወለደው።
ውደጂው አልልሽም፤ እሱን እግዜር ይርዳሽ፤
ስሙን ብቻ ስጪኝ፣ ከምጸልይላቸው ጋር ጽፈሽ።»
ጻፍኩት። ቀደድኩት። ደግሞ ጻፍኩት።
አንድ ጊዜማ አኝኬ ዋጥኩት።

ጥር መጣ። በረዶው መስኮት ደረሰ።
አንድ ሰዓት ሆነ፤ መስኮቱ ዝም።
ሁለት ሰዓት፤ ሳል የለም።
«አልተከፈተም» ብዬ ልጽፍ፣ ብዕሬ ገጹ ላይ ፈሰሰ።

ይህን የሚያውቅ ማነው?
ልጆቹ ባሕር ማዶ፣ መንደሩ እንቅልፍ ላይ፤
መጉደሉን የሚቆጥር ማን አለው፣ ከምድር እስከ ሰማይ?
አንድ ጠላቱ ብቻ። እኔ ብቻ። ጌታ ሆይ!
«ይኸው፣» አልኩ ለራሴ፣ «ስትጠብቂው አልነበር?»
ነበር። እግሬ ግን ቀድሞኝ ወጥቶ ነበር ከበር።
ከሚስማሩ ያለውን ሳላይ አውርጄ፣ ደርቤ፣
በረዶውን ቀዘፍኩ፣ ስረግም፣ ስጸልይ፣ ሁለቱንም ከልቤ።

ምድጃው ዳር ወድቋል። ከንፈሩ ጠቁሯል።
አየኝ፤ በዚያው እጁ ፊቱን ከለለው።
ከኔ ይልቅ ካፖርቱን ነው የለየው፤
የለበስኩትን እኔም ያየሁት
ያኔ ነው።
አውልቄ አለበስኩት።
አንድ በአንድ ቆለፍኩት፣ እስከ አንገቱ፣ እንደ ሕፃን፤
አንድ ቁልፍ ጎድሎት ነበር፤ ስንት ዓመት ልብስ ሰፍቼ፣ ያን አለማየቴን!

ወደድኩት አልልም። እሑድ ሻማው ሲበራ፣
«እኛም» ላይ ስንደርስ ያው ሳል መጣ፤ ዋጥኩት እንደ መራራ።
«የበደሉንን» አልኩ። እዚያው ላይ ቆምኩ።
የቀረውን አባ አሉልኝ፣ በኔ ተራ።

ደብተሩ አልተዘጋም። ስምንተኛው ላይ ነኝ።
ዛሬም በየማለዳው እጽፋለሁ፣ ያንኑ የድሮውን ቃል፦
አንድ ሰዓት፤ መስኮቱ ተከፈተ።
ሁለት ሰዓት፤ ተመስገን፣ ያስላል።