የብሎክ ሰማንያ ሦስት ገንዘብ ያዥ

ደብተሬ ሰማያዊ ነው፣ ጠርዙ በላብ የወዛ፣
ከቱሉ ዲምቱ ገበያ በአርባ ብር የተገዛ።
ሃያ አራት በር አለበት፣ በየስሙ ያሰመርኩት፤
ሥልጣኑን ለምኜ አይደለም፣ ስብሰባ ቀርቼ ነው ያገኘሁት።

ዕጣ ነው ያጎራበተን፤ አማርጦ ማንም አልመጣ፣
አንዱ ሰፈሩ ፈርሶበት፣ አንዱ ከኪራይ ቤት ሊወጣ።
ግድግዳው ባዶ ብሎኬት፣ ምስጢር የሚባል አያውቅም፤
ሐጂ ሙዘይን ባሳሉ፣ እኔ ውሃ ሳልጠጣ አልቀርም።
የነያቤጽ ልጅ ማታ ማታ ማባዛት ስታጠና፣
በሰባት ብዜት ስትስት፣
ግድግዳውን አንኳኩቼ አርማታለሁ እንደገና።

ኮሙናሉ አንድ፣ ቁልፉም አንድ፤
ሰኞ ልብስ ሲታጠብበት፣ ቅዳሜ በግ ሲታረድ፣
ለቅሶው ተነሥቶ ሠርግ ሊገባ፣ ወንበር ቢቆጠር ሁለት ጎድሎ፣
አንዱ በአንዱ ሲያሳብብ ቀኑ ይመሻል ተንከባሎ።

በየወሩ መቶ ብር፤ ለፓምፕ፣ ለዘበኛ፣ ለመብራት፤
የከፈለ ምልክት አለው፣ ያልከፈለ ቀይ መስመር አለበት።
አራተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር ሃያ፣
ወይዘሮ ይመናሹ፤
አምስት ቀይ።

ኮሚቴው «ስማቸው ይለጠፍ» አለ፣ ከመግቢያው፣ ከደረጃው ሥር፤
እኔም ፈረምኩበት፤ ወረቀቱ ወጣ በማኅተም፣ በቁጥር።
ሰው ሳያየኝ ልለጥፍ ብዬ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሣሁ፤
ማጣበቂያው በኪሴ፣ ኮቴ እንዳይሰማ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።

እግሬን በረደኝ።
ደረጃው ርጥብ ነው።

ሦስት ዓመት እንዲህ ነው፤ ማታ ያየሁት ጭቃ ጠዋት የለም፤
ገልገሎ ነው እል ነበር፤
ገልገሎ ግን በር ይጠብቃል እንጂ መጥረጊያ ነክቶ አያውቅም።
ቀና ስል፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አርገው፣
አንድ በአንድ፣ ወደ ኋላ፣ ይወርዳሉ ከአራተኛ ፎቅ ጀምረው።
ባልዲው ጆሮው የተሰበረ፣
ውሃው የልብስ እጣቢ፣ ሳሙናው ገና የሚሸት፤
የሁላችንን ጭቃ በየደረጃው ሲያስለቅቁት።

ወረቀቱን ወደ ኪሴ ስመልስ እጄ እንደ ሌባ ተርበተበተ።
«እንዴት አደሩ?» አልኩ።
«ተመስገን» አሉ። ዞረውም አላዩኝ።
«ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል።»

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ።
ሁለት ረድፍ ነው ያለው፤ የከፈለ፣ ያልከፈለ፤
ይሄንን የት ልጻፈው?
ሦስተኛ ረድፍ ማን ከፈለ?
ደግሞ ሒሳብ ከተባለ፣ የሦስት ዓመት ጠዋት ተባዝቶ፣
ቀዩ መስመር በማን ስም ነው የሚሰመር፣ በር ዘግቶ በተኛው ወይስ በተነሣው ነግቶ ሳይነጋ ወጥቶ?
የያቤጽን ልጅ ልጠይቃት አሰብኩ። በሰባት ብዜት ትስታለች፤
ይህቺን ግን ሳትቸግራት አትቀርም፣ እኔን ካሸነፈችኝ ሰንብታለች።

ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ቧንቧው አየር ተነፈሰ፤
ገልገሎ የበሩን ብረት ሲመታ «ውሃ!» የሚለው አራተኛ ፎቅ ደረሰ።
በር በበር ላይ ተከፈተ፣ ጀሪካን ከጀሪካን ተላተመ፤
ሐጂ በሽርጥ፣ ያቤጽ በቁምጣ፣
ሊቀመንበሩ በፒጃማ፣ ተራው እንዳያልፈው ከፊት ቆመ።
እኔ ከራሴ አስቀድሜ የሃያ ቁጥርን ሁለቱን ሞላሁ፤
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሼ ቢያጥርም፣
አራተኛው ላይ አኑሬ፣ ሳላንኳኳ ወረድኩ፣ ተመለስኩና ተኛሁ።

ጠዋት ጀሪካኖቹ በሬ ላይ ነበሩ፣ ባዶ፣ ክዳናቸው የጠበቀ።
ማንም ምንም አላለ።
ደረጃው እንደ ወትሮው ነው።

ሊቀመንበሩ ግን በተገናኘን ቁጥር «ለጠፍከው?» ማለቱን አልተወም፤
«ግድግዳው ርጥበት አለው» እለዋለሁ፣
«ማጣበቂያው አልያዘም።»