ፍሬን

በእናቱ ቋንቋ ሮብሌ ማለት
ዝናብ ይዞ የመጣ፣ ዝናብ ያለበት።
እኔ ግን የማውቀው በአልጋ ቁጥር ነበር፦
አልጋ ሰባት፣ ከመስኮቱ ዳር።

ከለገሀሬ በባጃጅ፣ ሳል ይዞት ሰንብቶ፣
በሚስቱ ትከሻ ተደግፎ ገብቶ፣
ትንፋሹን እንደ ሳንቲም ቆጥሮ የሚያወጣ
የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው፤ ከንፈሩ የነጣ።
«ሥራህ?» አልኩት (ድሬ አንቱታ አታውቅም)፤ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ
«ፍሬን» አለኝ፣ ኩራቱን በዓይኑ ሸሽጎ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሸማንደፈር፣
በመጨረሻው ፉርጎ፣ በአቧራና በሐሩር፣
የብረት መዘውር በሁለት እጁ ጨብጦ፣
ከአይሻ ወዲያ ቁልቁለቱ ላይ፣ ባቡሩ አምልጦ
ባሕር እንዳይገባ የሚያጠብቅ።
«ነጂው መንዳቱን ይወቅ፣
እኔ ማቆሙን ነው» አለና ሳሉ ያዘው፤
ሰማንያ አራት ይላል፣ ጣቱን የነከሰው።

በስምንተኛው ቀን ራጁን ወደ መስኮቱ አንስታ
ዶክተር ፈትሂያ ዝም አለች። ቆይታ፣
«ቫይረሱስ እየለቀቀው ነበር» አለች፤ «አሁን የሚያነደው
ሊያድነው የወጣው ነው፤ የገዛ ደሙ፣ የገዛ ዘበኛው።»

አልጋ ሦስትም እንዲህ ነው የሄደው፤ የአሸዋ ልብስ ሰፊ፣ ሠላሳ አራት ያልሞላው፣
በሽታ የማያውቅ። ጤናው ነው የገነፈለበት፣ ጤናው የበላው።
ማክሰኞ ሲነጋ አንሶላ ቀየርንለት—
ለሌላ ሰው። ሜትሩን ከትራሱ ሥር አገኘሁት።

ኢባዶ ከበሩ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ
ፔርሙዝ አቅፋ ትጠብቃለች፣ ቀን ከቀን እዚያው ውላ።
«ሳሉ ከቀለለ ለምን ይነዳል?» ብላ ያዘችኝ፤
ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ቃል ሁሉ ሸሸኝ።
የጎርፉ ግድብ ይታያል፣ ከአጥሩ ማዶ።
«ደቻቱን ታውቂው የለም?» አልኳት፤ «ኢባዶ፣
ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከተማው በላቡ ሲጠመቅ፣
ጃንጥላ የሚያስብ ሳይኖር፣ አሸዋው ሲደርቅ፣
ዝናቡን የጣለው ከላይ ነው፣ ከደንገጎ፤
ሌሊት ይመጣል ወንዙ፣ ግንዱንም አጥሩንም ጠራርጎ።
ውሃ እኮ ጠላት አይደለም፤ የተለመነ ነው፣ የተጸለየበት፤
ብቻ ሁሉም ባንዴ መጣ፣ ባንድ ሌሊት።»

ዝም አለች። ፔርሙዙን አዙራ ክዳኑን አጠበቀች፤
«እናቱ ስሙን ስታወጣ፣ ትንሽ ዝናብ ማለቷ ነበር» አለች።

ትዕዛዙ አጭር ነው፦ ዴክሳሜታዞን፣ ስድስት ሚሊግራም።
ጠርሙሷ ካውራ ጣቴ ታንሳለች፤ ዋጋዋ ካንድ ኪሎ ብርቱካን አይበልጥም።
ጠላት አትገድልም፣ ያ የሷ ሥራ አይደል፤
የራስን ወታደር «በቃ፣ ተቀመጥ» ነው የምትል።

መርፌውን ሳዘጋጅ፣ በትኩሳቱ ውስጥ፣ ዓይኑን ጨፍኖ
የአልጋውን ብረት ያዞራል፣ መዘውር መስሎት፣ መዳፉ እሳት ሆኖ።
«ባንዴ አትያዘው» ይላል፤ ለድሮ ረዳቱ ነው መሰለኝ።
«ቀስ። ሲበዛም ብረቱ ይግላል።»
መርፌውን በቀስታ ገፋሁ። ገባኝ።

አሁን ሊነጋ ነው። በከዚራ ዛፎች ላይ ወፎቹ ጀመሩ፤
የባቡሩ ፊሽካ ከጠፋ ቆየ፣ ፉርጎዎቹም ዝገው ቀሩ።
ጣቱ ላይ ሰማንያ ስምንት። ሰማንያ ሰባት። ደግሞ ሰማንያ ስምንት።
መዘውሩን ሲያዞር ያደረው እጁ ቆሟል፣ በላብ ረጥቦ፤
ፍጥነቱ ቀንሶ ይሁን፣ ወይ ጣቢያው ቀርቦ፣
አላወቅሁም።

ኢባዶ የላከችው ፔርሙዝ ከራስጌው አለ፤
ማንም አልከፈተውም። ልከፍተው ያዝኩ፤ ክዳኑ እምቢ አለ።
ቀስ አልኩ።