ሁለት ስንዝር

ሂዩማ ደሴት ላይ በረዶው ለቀቀ፤
የቪሉ ጀልባ ግን ገመዱ አለቀ፤
ጨው የበላው ገመድ፣ ፀሐይ ያነጣው፣
አሥራ ዘጠኝ በጋ ሸራ ያወጣው።

«ልውጣ ተራዳው ላይ?» ብዬ ነበር፤ ሌይዳ
«አሮጌው ይመራል» አለች «አዲሱን እንግዳ።»
ጫፍ ለጫፍ አጋጥማ ሰም በነካው ክር
ሰፋችው አጥብቃ፣ ቋጠሮ ሳይኖር።

ሳብን።
ላይ፣ ከመዘውሩ አፍ፣ ስፌቱ ሲደርስ
ቆመ። እኔም ቆምኩ፣ ትንፋሼን ሳልመልስ።
«አትታገለው» አለች፣ «መለስ በል፣ መለስ።»
ከዚያ ሹልክ አለ፤ አዲሱ ወረደ፣
አሮጌው እግሬ ሥር ተኛ እንደለመደ።

አሮጌው ገመድ ላይ ቀይ ክር ነበረ፣
በቪሉ ረጅም ክንድ ተለክቶ የታሰረ።
ቢላዬን መዝዤ፣ «በዚሁ ልክ?» ብላት
ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፤ አነሳት።
«ቪሉ የለም» አለች፣
«ከእንግዲህ የምስበው እኔ ነኝ፣ አጭሯ።»
ሁለት ስንዝር ሙሉ ከቀዩ ክር አሳልፋ
ቢላውን ከእጄ ወስዳ
ቆረጠች።

ክብሪት ጭራ ጫፉን ለብለብ አደረገችው፣
እንዳይተረተር።
አሮጌውን ወስዳ ጓሮ ወጠረችው፤
ሰኞ ለት በዚያ ባልፍ
አንሶላ አስጥታበት
ንፋስ ሞልቶት ነበር።